ቦርዶ ልትሄዱ ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቦርዶ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ዘመዱም፣ ወዳጁም፣ የወዳጅ ወዳጁም ሊመጣ ሲል ስልኬ ይጮኻል። ከአዲስ አበባ የሚደውለውም ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የሚደውለውም ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። በየጊዜው በቃል ከምደግመው ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። የባቡር ትኬታችሁ ላይ 14፡00 የሚል ካያችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ተሳስቶ ባቡር ያመለጠው እንግዳ ነበረኝ።

ቦርዶ የከተማ ስም ነው ወይስ የወይን ጠጅ?

የሁለቱም። ከተማዋ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ጋሮን በሚባል ወንዝ ዳር ናት፤ በዙሪያዋ ያለው ሰፊ የወይን አገርም በስሟ ይጠራል። ብዙ ሰው ከባቡር ሲወርድ የወይን ተክል የሚጠብቀው ይመስለዋል። የሚጠብቀው ግን ድንጋይ ነው፤ የማር ቀለም ያለው ድንጋይ የለበሱ፣ ቁመታቸው የተስተካከለ፣ በወንዙ ዳር ተሰልፈው የቆሙ ሕንፃዎች። ወይኑ ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። እንደ ሻቶ ኦ-ብሪዮን ያለ ስመ ጥር የወይን እርሻ ፔሳክ በሚባል የከተማ ዳርቻ በቤቶች ተከቦ የቀረው ከተማው እየሰፋ መጥቶበት ነው።

ለእኔ ቦርዶ የወይን ከተማ ከመሆኗ በፊት የወደብ ከተማ ናት። ወይኗን የዓለም ወይን ያደረገላት ወንዙ ነው። በ1152 ቦርዶ ያለችበት የአኪቴን ግዛት ወራሽ የነበረችው ኤሌኖር ሄንሪ ፕላንታጄኔትን አገባች። ከሁለት ዓመት በኋላ ባሏ የእንግሊዝ ንጉሥ ሲሆን የእሷም አገር አብሮ ወደ እንግሊዝ ዘውድ ሄደ። ከዚያ እስከ 1453 ድረስ፣ 300 ዓመት ሙሉ፣ የቦርዶ በርሜል በመርከብ እየተጫነ እንግሊዝ ይራገፍ ነበር። እንግሊዞች ቀዩን የቦርዶ ወይን ዛሬም «ክላሬት» ይሉታል። ስለዚህ ለሚመጣ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ የመጀመሪያውን ቀን ለወንዙ ስጡት፤ ወይኑ የትም አይሄድም።

ወንዙ ለምን እንዲህ ደፈረሰ? ቆሻሻ ነው እንዴ?

ቆሻሻ አይደለም፤ ደለል ነው። በክረምት ዓባይን ያየ ሰው ቀለሙን ያውቀዋል። ጋሮን ግን የሚደፈርሰው በዝናብ ብቻ አይደለም። ከተማዋ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ወንዙ ይሰማዋል። በቀን ሁለት ጊዜ ባሕሩ ይሞላና ውሃው ሽቅብ ወደ ምንጩ ይፈሳል፤ ሲጎድል ደግሞ ቁልቁል ይመለሳል። ከከተማዋ በታች ጋሮን ከዶርዶኝ ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ዢሮንድ የሚባል ሰፊ የወንዝ አፍ ይሆናል፤ ጨዋማውና ጨው አልባው ውሃ እዚያ ሲገፋፋ ደለሉ የሚረጋበት ጊዜ አያገኝም።

መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ድልድዩ ላይ ቆሜ አንድ የዛፍ ግንድ ወደ ባሕሩ ሲወርድ አየሁ። ገበያ ወጥቼ፣ ቡና ጠጥቼ፣ ሰው አግኝቼ ስመለስ ያው ግንድ የሚመስል ነገር ሽቅብ ይመጣል። ዓይኔን ነው አልኩ። አሁን እንግዳ ሲመጣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ወንዙ ጋ እወስደዋለሁ፤ ዝም ብዬ ፊቱን አያለሁ።

መዋኘት ግን አይሞከርም። ውሃው ኃይለኛ ነው፤ ይወስዳል።

ወንዙ ከተማዋ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይጠማዘዛል። «የጨረቃ ወደብ» የሚለው የድሮ ስሟ ከዚህ የመጣ ነው፤ ዩኔስኮም በ2007 በዓለም ቅርስነት የመዘገባት በዚሁ ስም ነው። የተመዘገበው አንድ ሐውልት ወይም አንድ ሰፈር ሳይሆን ከ1,700 ሄክታር በላይ የሆነ የከተማ ክፍል ነው።

ቪዛ ያስፈልገኛል?

የያዛችሁት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ አዎ፣ የሼንገን ቪዛ ነው። በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያስቆያል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ መግባት ይችላል፤ 15 ቀን ሲቀረው ግን በሩ ይዘጋል። «ግሪን ካርድ አለኝ፣ ምን ያደርግልኛል» የሚል ሰው በየዓመቱ ያጋጥመኛል። ያስፈልጋችኋል። ከቪዛ ነጻ የሚያደርገው የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ነው እንጂ የመኖሪያ ወረቀት አይደለም። ጀርመንን ወይም ጣሊያንን በመሰለ የሼንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በዚያው ይመጣል። እንግሊዝ የሚኖር ግን በዚያ ወረቀት አይመጣም። ዱባይ ወይም ሪያድ የምትሠሩ ደግሞ የምታመለክቱት እዚያው ካላችሁበት አገር ነው።

ቪዛ ካነሳን አይቀር፣ ወንዙ ዳር ኬ ሉዊ 18ኛ በሚባለው ጎዳና ቁጥር 14 ላይ በ1940 የፖርቱጋል ቆንስላ ነበር። ቆንስሉ አሪስቲደስ ደ ሶውዛ ሜንደስ ይባላል። በዚያ ዓመት ጁን ላይ ናዚን ሸሽቶ ደጁን ላጥለቀለቀው ስደተኛ፣ መንግሥቱ አትስጥ እያለው፣ በሺዎች የሚቆጠር ቪዛ ፈረመ። ከሥራው ተባረረ፤ በድህነትም ሞተ። ኤምባሲ ደጅ የቆመ ሰው በዚያ ቤት ፊት ሲያልፍ ቀና ብሎ ቢያየው ደስ ይለኛል።

ከፓሪስ እንዴት ይደረሳል?

በባቡር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፓሪስ ሻርል ደ ጎል ያወርዳችኋል። ከዚያ አየር ማረፊያ በቀጥታ ወደ ቦርዶ የሚሄዱ ጥቂት ባቡሮች አሉ፤ ሰዓታቸው ካልገጠመላችሁ ኤር-ኧ-ኤር ቤ (RER B) የሚባለውን የከተማ ባቡር ተሳፍራችሁ ዳንፌር-ሮሽሮ ላይ ትወርዱና ሜትሮ 4 ወይም 6 ይዛችሁ ሞንፓርናስ ጣቢያ ትደርሳላችሁ። ከሞንፓርናስ ፈጣኑ ባቡር ከ2017 ጀምሮ ቦርዶ የሚገባው በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ነው። ከአውሮፕላን መውረጃችሁና ከባቡሩ መነሻ መሃል ከ3 ሰዓት ያላነሰ ክፍተት አድርጉ፤ የፓስፖርቱ ወረፋ አይታወቅም። ትኬቱን ቀደም ብሎ የገዛና በዕለቱ የገዛ ሰው በአንድ ወንበር ላይ እጥፍ ልዩነት ሊከፍሉ ይችላሉ። ከኦርሊ ወደ ቦርዶ የነበረው በረራ ቀርቷል፤ በባቡር ከ2 ሰዓት ተኩል በታች ለሚደረስበት ቦታ የአገር ውስጥ በረራ የሚከለክል ሕግ ወጥቶበት።

ቦርዶ ሳን-ዣን ጣቢያ ስትወርዱ ትራም ሴ (C) መሃል ከተማ ያደርሳችኋል። ትራሙን ስታዩ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ መሃል ከተማ ላይ ከበላዩ የኤሌክትሪክ ሽቦ የለም። የሕንፃዎቹን መልክ እንዳያበላሽ ተብሎ ኃይሉን ከመሬት፣ በሁለቱ ሐዲዶች መሃል ከተቀበረ ሌላ ሐዲድ ያገኛል፤ ያም ሐዲድ ኃይል የሚኖረው ትራሙ ከላዩ ሲሆን ብቻ ነው። በ2003 ሲጀመር ለዓለም አዲስ ነገር ነበር።

መቼ ልምጣ? ስንት ቀንስ ይበቃኛል?

በመስቀል ሰሞን ብትመጡ ከሁሉ ይሻላል። ሴፕቴምበርና የኦክቶበር መጀመሪያ ወይን የሚለቀምበት ነው፤ አየሩም ለዘብ ያለ ነው። በጁላይና በኦገስት ሙቀቱ 35 ዲግሪን የሚያልፍበት ቀን አይጠፋም፣ ኦገስት ላይ ደግሞ የከተማው ሰው ራሱ ባሕር ዳርቻ ሄዶ ብዙ ምግብ ቤት ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ዝናብ ነው። ለከተማዋ ሁለት ቀን፣ ለወይኑ አገር አንድ ቀን ይበቃል።

በእግሬ ምን ልይ?

ከወንዙ ማዶ ጀምሩ። ሰው ሁሉ ከዚህኛው ዳር ይጀምርና ከተማዋን ሳያያት ይመለሳል፤ ውስጧ ሆኖ ከተማ አይታይም። ትራም አ (A) ይዛችሁ ድልድዩን ተሻገሩና በእግር ተመለሱ። የድንጋይ ድልድዩ (ፖን ደ ፒየር ይሉታል) በናፖሌዮን ትእዛዝ ተጀምሮ በ1822 የተከፈተ ነው። 17 ቅስት አለው። ናፖሌዮን ቦናፓርት የሚለው ስም በእነሱ ፊደል 17 ሆሄ ስለሆነ ነው ይላሉ፤ አጋጣሚ ቢሆንም ወሬው ጥሩ ነው። መኪና ከ2017 ወዲህ አያልፍበትም፤ ትራም፣ ብስክሌትና እግረኛ ብቻ።

ከድልድዩ ወርዳችሁ ወደ ቀኝ ወንዙን ይዛችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ ፖርት ካዮ የሚባል ሹል ሹል ጣሪያ ያለው የድሮ የከተማ በር ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ፕላስ ደ ላ ቡርስ። ይህ አደባባይ ከ1730 እስከ 1755 የተሠራ ነው፤ በከተማዋ ፖስት ካርድ ሁሉ ላይ ያለው እሱ ነው። ከፊቱ በ2006 የተሠራው የውሃ መስታወት ተዘርግቷል፦ 3,450 ካሬ ሜትር ጥቁር ግራናይት፣ ላዩ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ውሃ። ውሃው ለትንሽ ጊዜ ይተኛና አደባባዩ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ይታያል፤ ቀጥሎ ውሃው ይሰርጋል፤ ከዚያ ከድንጋዩ ውስጥ ጉም ይነሳል። ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው መሃሉ ገቡ። ጉሙ ከእግራቸው ሥር ሲነሳ ደንገጥ ብለው «ዕጣን አጨሱብኝ እንዴ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ከልጆቹ ጋር እሳቸውን ማስወጣት አልተቻለም። ክረምታቸው ላይ ይዘጋል፤ ሲመሽ፣ የሕንፃዎቹ መብራት ሲበራ ደግሞ ከቀኑ ይበልጣል።

ሕንፃዎቹን ስታዩ ከመስኮትና ከበር በላይ የተቀረጹ የድንጋይ ፊቶች አሉ። ከተማዋ ውስጥ 3,000 ያህል ናቸው ይባላል፦ የሚስቁ፣ ምላስ የሚያወጡ፣ የባሕር አማልክት፣ ሰካራሞች። ፕላስ ደ ላ ቡርስ ላይ የአፍሪካውያን ፊትም አለ። ለምን እዚያ እንደተቀረጸ ቀጥዬ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወደ ግራን ቴያትር። ቪክቶር ሉዊ የተባለ አርክቴክት ሠርቶት በ1780 የተከፈተ ነው፤ 12 ዓምዶች፣ ከዓምዶቹ በላይ 12 የሴት ሐውልቶች። የሳን-ታንድሬ ካቴድራልንም እዩ፤ ያቺው ኤሌኖር በ1137 ለመጀመሪያ ባሏ፣ ለኋላው የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 7ኛ የተዳረችው እዚያ ነው። ሩ ሳንት-ካትሪን የሚሉት 1.2 ኪሎ ሜትር የገበያ መንገድ አዲስ ነገር የለውም፤ በየትኛውም የአውሮፓ ከተማ ያለ ሱቅ ነው። ጊዜያችሁን ለሳን-ሚሼል ሰፈር አስተርፉት። 114 ሜትር የሚረዝም የደወል ግንብ ሥር ያረጀ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ አለ፤ የሰሜን አፍሪካ ሰዎች ሻይ ቤቶች፣ ቅመም ሻጮች፣ ጨርቅ ሻጮች። ፈረንሳይ ከመጣሁ መጀመሪያ ዋጋ የተከራከርኩት እዚያ ነው፤ እፎይ አልኩ።

ዛሬ የምታዩት ንጹሕ ድንጋይ የቅርብ ጊዜ ነው። ከ30 ዓመት በፊት ከተማዋ በጭስ ጠቁራ፣ ወንዙ ዳር በመጋዘን ተዘግቶ፣ ሰዎቿ ራሳቸው «የተኛችው ቆንጆ» ይሏት ነበር።

ከተማዋ በባሪያ ንግድ ነው የበለጸገችው የሚባለው እውነት ነው?

በከፊል አዎ፤ ይህን ሳያውቁ ፎቶ አንስቶ መሄድ ልክ አይመስለኝም። ቦርዶ ከናንት ቀጥላ የፈረንሳይ ዋና የባሪያ ንግድ ወደቦች አንዷ ነበረች። ከዚህ በተነሡ 500 ያህል መርከቦች ከ120,000 እስከ 150,000 የሚገመቱ አፍሪካውያን ወደ አሜሪካና ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተግዘዋል። ከዚያ የሚበልጠው ሀብት ደግሞ የመጣው ባሪያዎቹ ካመረቱት ስኳር፣ ኢንዲጎ ከሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያና ቡና በቀጥታ ንግድ ነው። ቡናውን ልብ በሉ። የዛሬዋ ሄይቲ፣ ያኔ ሳን-ዶማንግ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የዓለምን ቡና ግማሽ ያህል ታመርት ነበር፤ ከዚያም ብዙው የሚራገፈው እዚሁ ወደብ ላይ ነበር። የእኛው የጫካ ዛፍ በስንት ሰው ደም ዞሮ የመጣበት መንገድ ነው።

ኬ ሉዊ 18ኛ ላይ፣ ከላይ ካነሳሁት ቆንስላ ብዙ ሳይርቅ፣ በ2019 የቆመ የአንዲት ሴት የነሐስ ሐውልት አለ። ሞደስት ቴስታ ትባላለች፤ ሐውልቷን የሠራው ሄይቲያዊ ቀራጺ ነው። የትውልድ ስሟ አል ፑዌሲ ይባል ነበር፤ በ1765 ገደማ ተወልዳ በልጅነቷ ከምሥራቅ አፍሪካ ተማርካ የተወሰደች ናት። ኢትዮጵያዊት ነበረች የሚሉም አሉ። የገዟት ቦርዶ ላይ የሚነግዱ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፤ ወደ ሳን-ዶማንግ ወሰዷት፣ በኋላ ነጻ ወጣች፣ ከ100 ዓመት በላይ ኖራ በ1870 ሞተች። የልጅ ልጇ ፍራንስዋ ደኒ ሌዢቲም የሄይቲ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ከኢትዮጵያ የመጣ እንግዳ ሁሉ እሷ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ አንዳንዱ አበባ ያስቀምጣል።

በዝርዝር ለማየት የአኪቴን ሙዚየም ግቡ። ለዚህ ታሪክ የተለዩ ክፍሎች ከ2009 ጀምሮ አሉት፤ የመርከብ ሰነዱም፣ የእግር ብረቱም አለ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ አናግሩት።

የባሕር ሰርጓጅ ጣቢያ የሚሉት ምንድን ነው?

ከከተማዋ ሰሜን፣ በድሮው የመርከብ ገንዳ ዳር ያለ አስፈሪ የኮንክሪት ጋራ ነው። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሰርጓጅ መርከቦቻቸው ያሠሩት ነው፤ ከ2020 ጀምሮ ውስጡ በግድግዳውና በውሃው ላይ ሥዕል በብርሃን ይታይበታል። ለሥዕሉ ብላችሁ ባትሄዱም ለሌላ ታሪክ ሂዱ፦ ቦርዶ ያኔ የጣሊያን ሰርጓጆችም ሰፈር ነበረች። በ1941 እንግሊዞች ኤርትራን ሲይዙ ምጽዋ ላይ የነበሩ አራት የጣሊያን ሰርጓጅ መርከቦች አምልጠው፣ አፍሪካን በደቡብ በኩል ዞረው፣ በሜይ ወር ቦርዶ ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡበት በዚያው ወር ማለት ነው። ቀይ ባሕርና ይህች የጭቃ ወንዝ በእንዲህ ያለ ነገር መገናኘታቸው ይገርመኛል።

የወይን እርሻ መጎብኘት እንዴት ነው? ሻቶ ማለትስ ቤተ መንግሥት ነው?

ሻቶ እዚህ አገር እርሻውም፣ መጥመቂያውም፣ ስሙም ነው። ማማ ያለው ቤተ መንግሥት ሊኖረው ይችላል፤ ቆርቆሮ ክዳን ያለው መጋዘንም ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ ላይ ያለው ሥዕል አያታላችሁ።

ዋናው ነገር ቀጠሮ ነው። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ጓደኛዬን ይዤ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተጉዤ ሜዶክ ሄድኩ፤ በሩ ተቆልፏል፣ ውሻ ይጮኻል፣ ሰው የለም። ከወይን ረድፍ ዳር ዳቦ በልተን ተመለስን። አሁን ከሁለት ሳምንት በፊት ኢሜይል እጽፋለሁ። መኪና ለሌለው ከቱሪዝም ቢሮው የሚነሡ የግማሽ ቀን ጉብኝቶች ቀላል ናቸው።

የወይኑ አገር በግራ ዳርና በቀኝ ዳር ይከፈላል። ግራው፣ ሜዶክና ግራቭ፣ ጠጠር መሬት ነው፤ ካቤርኔ ሶቪኞን የሚባለው ዘር ይወደዋል፣ ወይኑም ጠጣርና ለዓመታት የሚቆይ ነው። ቀኙ፣ ሳንት-ኤሚልዮን አካባቢ፣ ሸክላና የኖራ ድንጋይ ስለሆነ መርሎ የሚባለው ይበዛል፤ ለለመደው ላልለመደውም ለስለስ ይላል። በ1855 ለናፖሌዮን 3ኛ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ደላሎች የግራውን ዳር ወይኖች በገበያ ዋጋቸው በደረጃ አስቀመጧቸው። ያ ዝርዝር ዛሬም ይሠራል፤ የሚታወሰው ትልቅ ለውጥ ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ወደ አንደኛ ደረጃ መውጣቱ ነው። ከዚያ ዝርዝር አናት ያሉትን ለመቅመስ አትድከሙ፤ ዋጋቸው የኪራይ ቤት ዋጋ ነው።

መጥመቂያው ውስጥ 225 ሊትር የሚይዙ የእንጨት በርሜሎች ተደርድረው ታያላችሁ፤ ከአንዱ 300 ጠርሙስ ያህል ይወጣል። አስጎብኚው ስለ እንጨቱ ሽታ ግማሽ ሰዓት ሊያወራ ይችላል። ጠጅ ጥለው የሚያውቁ ሰዎች ግን እዚህ ጋ ይነቃሉ። ጋኑ በምን ታጠነ፣ ጌሾው ስንት ቀን ቆየ ብሎ የሚጨነቅ ሰው ከእነሱ ጋር የሚግባባው ያለ አስተርጓሚ ነው።

አልኮል አልጠጣም። ልምጣ?

በደንብ ነዋ። እስካሁን ከጻፍኩት ስንቱ መጠጣት ይጠይቃል? ሲቴ ዱ ቫን የሚባለው በ2016 የተከፈተው የወይን ሙዚየም እንኳ የታሪክና የሽታ ቦታ ነው፤ 55 ሜትር ከፍታ ያለው፣ የሚጠማዘዝ ሕንፃ ነው፤ መግቢያው ከ20 ዩሮ በላይ ነው። 8ኛ ፎቅ ላይ ከትኬቱ ጋር አንድ ብርጭቆ ይሰጣችኋል፤ የወይን ጭማቂም ይቀርባል።

እርሻ ላይ ደግሞ የሚቀምስ ሰው መዋጥ የለበትም። ለመትፊያ የተቀመጠ ዕቃ አለ፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይተፋሉ። ለእኛ ሰው ይህ ይከብደዋል፤ ሰው ቤት ተጋብዞ የቀረበለትን መትፋት! አንድ አጎቴ እንቢ ብለው ስድስቱንም ጨልጠው፣ ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ዘፈን አወጡ። ትፉ፤ ማንም አይቀየማችሁም።

ሳንት-ኤሚልዮን ያለው ቤተ ክርስቲያን እውነት እንደ ላሊበላ ነው?

ከአንድ አለት የተፈለፈለ መሆኑ እውነት ነው። ከቦርዶ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከጣቢያው መንደሩ ድረስ በወይን እርሻ መሃል 20 ደቂቃ በእግር ትሄዳላችሁ። ኤሚልዮን በ8ኛው መቶ ዘመን ብሪታኒ ከሚባለው የፈረንሳይ ክፍል መጥቶ ዋሻ ውስጥ የመነነ መነኩሴ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከዋሻው አጠገብ ከኖራ ድንጋይ የተፈለፈለው በኋላ፣ በ12ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ነው። ላሊበላ ላይ ግን አለቱን ከውጭ ቆርጠው ሕንፃውን ነጻ አውጥተውታል፤ እዚህ ኮረብታው ውስጥ ነው የገቡት። ስለዚህ ከውጭ የምታዩት መስኮቶችንና በላዩ የተተከለውን 68 ሜትር የደወል ግንብ ብቻ ነው። ውስጡ ሰፊ፣ ቀዝቃዛ፣ ባዶ ነው፤ የግንቡ ክብደት አለቱን እንዳይሰነጥቀው ምሰሶዎቹ በብረት ታስረዋል። የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። ቅዳሴ የለመደ ሰው ዝምታው ይከብደዋል። መንደሩና የወይን መሬቱ ከ1999 ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግበዋል።

ጾም ላይ ብሆን ምን እበላለሁ?

ይህ ከባዱ ጥያቄ ነው። የቦርዶ ምግብ ሥጋ፣ ቅቤና ወይን ነው፤ ስጋው ራሱ በወይንና በሽንኩርት ስልስ ይቀርባል። ከሁሉ የባሰው ግን ሰዓቱ ነው። ምግብ ቤቶች ምሳ የሚሰጡት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ወጥ ቤቱ ተዘግቶ የሚከፈተው ማታ 1 ሰዓት ነው። ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ጾማችሁ ስትወጡ ከተማው በሙሉ እቃ እያጠበ ነው። ማርሼ ደ ካፑሳን ከሚባለው ገበያ ጠዋት ፍራፍሬ፣ ወይራ፣ ዳቦና ቲማቲም ገዝታችሁ ያዙ፤ ገበያው ሰኞ ዝግ ነው። ሳን-ሚሼል አካባቢ ደግሞ አትክልት በኩስኩስ ይገኛል፤ ቅቤ እንዳለው ጠይቁ። ከአርካሾን ባሕር ዳር የሚመጣው ኦይስተር፣ በዛጎሉ ውስጥ ጥሬውን የሚበላው የባሕር እንስሳ፣ በየማዕዘኑ ይሸጣል፤ እንግዶቼ ቀርበው አይተውት ዞር ይላሉ።

ካኔሌ የሚባለው ትንሽ ኬክ የከተማዋ መለያ ነው። በመዳብ ቅርጽ ስለሚጋገር ቅርፊቱ ጠቁሮ ይደርቃል፣ ውስጡ ግን እንደ ገንፎ ለስላሳ ነው። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አለበት፤ ለሙስሊም ወዳጆቻችን ደግሞ ሮም የሚባል መጠጥ እንደሚገባበት እነግራለሁ። ወይኑን ለማጥራት የእንቁላሉን ነጭ ስለሚጠቀሙ የተረፈው አስኳል ለመነኮሳይያት እየተሰጠ ነው የተፈጠረው የሚል ወግ አለው።

እንግሊዝኛ ይበቃኛል?

ሆቴልና ሙዚየም ላይ ይበቃል። ሌላው ቦታ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ቃል ነው፦ ቦንዡር። ሱቅ ገብታችሁ፣ አውቶቡስ ስትሳፈሩ፣ መንገድ ስትጠይቁ በፊት። ያለ ሰላምታ «ይሄ ስንት ነው?» ያለ ሰው ፊት ይነሣል። ፈረንሳዮች ኩሩ ናቸው እያሉ የሚያማርሩ ብዙ ሰዎች ይህችን የዘለሉ ናቸው። ሰላምታን እኛ እናውቅበታለን፤ አማርኛችሁን ብቻ ቀይሩት።

ጊዮርጊስ ቢራ ከቦርዶ ጋር ምን አገናኘው?

ባለቤቱ። በ1949 ቦርዶ ላይ በወንድማማቾችና እህትማማቾች የተመሠረተው ካስቴል የወይን ድርጅት አድጎ አፍሪካ ውስጥ ትልቅ የቢራ ነጋዴ ሆነ፤ በ1922 የተቋቋመውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካም በ1998 ገዛ። ዝዋይ (ባቱ) ላይ የተከለው ወይንም ካቤርኔ ሶቪኞን፣ መርሎና ሲራ ነው፤ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉት ጠርሙሶች ከ2014 ጀምሮ ገበያ ላይ አሉ። እዚያ እርሻ ዙሪያ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ቦይ መቆፈሩን ለአንድ የሜዶክ ገበሬ ስነግረው አላመነኝም። የእሱ ጠላት ውርጭ ነው።

ምን ይዤ ልመለስ?

ወይን ከሆነ ሱቅ ገብታችሁ በጀታችሁን ተናገሩ፤ ከ10 እስከ 15 ዩሮ ጥሩ ነገር ይገኛል፣ ሻጩም አይንቃችሁም። ጠርሙሱን በልብስ ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ አድርጉት፤ በእጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ፍተሻው ላይ ይቀራል። ካኔሌውን ግን ለቤተሰብ እወስዳለሁ አትበሉ። ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሸው በተጋገረበት ቀን ነው፤ በማግስቱ ላስቲክ ይሆናል። ጣቢያው ከመድረሳችሁ በፊት ትኩሱን ግዙና ባቡሩ ውስጥ ጨርሱት።